የምስል ፍለጋ ውጤቶች እንዴት ይደርደሩ? ከዋጃ የማሽላ ማሳ የተነሣ የበይነ ገጽ ንድፍ ትምህርት

በአላማጣና በቆቦ መካከል፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዋጃ፣ በምዕራብ በከፍተኛው ተራራ፣ በምሥራቅ ደግሞ በዞብል ተራሮች የታጠረው የራያ ሜዳ አካል ናት። ሜዳው የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ማሽላው ጉልበት ያህል በደረሰበት ሰሞን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከቤተሰቡ ማሳ ገብቶ ቅጠሉ የተበሳሳ ተክል አገኘ እንበል። ከተጠቀለለው ቅጠል መሐል አንድ አባጨጓሬ አወጣ፤ በእጅ ስልኩም ፎቶግራፍ አነሣው። ቀጥሎ በምስል መፈለጊያ ላይ «የማሽላ ተምች» ብሎ ጻፈ። ስልኩ ጥቂት ካቅማማ በኋላ በትናንሽ ምስሎች የተሞላ ገጽ አመጣለት። ምስሎቹ ሁሉ አባጨጓሬዎች ናቸው፤ ሁሉም በእጁ ከያዘው ጋር ይመሳሰላሉ።

ስለ ምስል ፍለጋ ከሚጻፈው አብዛኛው፣ ኮምፒዩተሩ ምስሎቹን ከየት ፈልጎ እንደሚያመጣ የሚያስረዳ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ምስሎቹ ከመጡ በኋላ ያለውን ነው። በምን መጠን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ከምን ዓይነት መግለጫ ጋር ቢደረደሩ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ለይቶ ያወጣል? በኮምፒዩተር ሳይንስ ይህ የበይነ ገጽ ንድፍ ጥያቄ ይባላል። በይነ ገጽ ስንል በሰውና በማሽን መካከል ያለውን፣ ዐይን የሚያየውንና ጣት የሚነካውን ክፍል ማለታችን ነው።

ሦስት የሚመሳሰሉ ትሎች

ጥያቄው የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ ማሳው እንመለስ። ተማሪው የያዘው ትል ቢያንስ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታይቶ በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ሁለተኛው ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው፣ በመንጋ ሲነሣ ጠቁሮ ማሳውን የሚወርረው የአፍሪካ ተምች ነው። ሦስተኛው የአገዳ ቆርቁር ሲሆን፣ ገና በትንሽነቱ ቅጠል ከበላ በኋላ ወደ አገዳው ውስጥ ይገባል።

መጤውን ተምች ከሌሎቹ የሚለዩት ምልክቶች ሁለት ናቸው። በግንባሩ ላይ ተገልብጦ የተጻፈ የላቲን ፊደል የሚመስል፣ ማለትም ከላይ አንድ ሆኖ ወደ ታች በሁለት የሚከፈል ነጣ ያለ መስመር አለው። ከጅራቱ በኩል ከመጨረሻው ቀደም በሚለው የሰውነት ክፍሉ ላይ ደግሞ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። መለየቱ የሚያስፈልገው እርምጃው ስለሚለያይ ነው። ቆርቁሩ አገዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ከላይ የሚረጭ መድኃኒት እምብዛም አይደርስበትም። የአፍሪካው ተምች መንጋ ከሆነ ነገሩ የአንድ ማሳ ሳይሆን የአካባቢው ሁሉ ጉዳይ ነውና ለግብርና ባለሙያው ወዲያውኑ መነገር አለበት። መጤው ተምችም ቢሆን ካደገና ከጥቅልሉ ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠ በኋላ መቆጣጠሩ ይከብዳል። በተሳሳተ ምስል የተመራ ቤተሰብ የመድኃኒቱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀናቱንም ያጣል።

እንግዲህ የውጤት ገጹ ተማሪውን ወደ ጅራቱና ወደ ግንባሩ እንዲመለከት ካላደረገው፣ ኮምፒዩተሩ ትክክለኛውን ምስል ማምጣቱ ብቻውን አይጠቅመውም።

የሚቆረጠው ጅራት

የምስል ፍለጋ ታሪክ አጭር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ምስሎችን በቀለማቸው፣ በቅርጻቸውና በገጻቸው ሻካራነት የሚፈልግ ሥርዓት ሠርተው ነበር። ጉግል የምስል ፍለጋውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በግራሚ ሽልማት ምሽት ጄኒፈር ሎፔዝ የለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ ለማየት የጎረፈው የፍለጋ ብዛት ለዚህ መነሻ እንደነበር የድርጅቱ ኃላፊ የነበረው ኤሪክ ሽሚት ጽፏል። ለዚያ ዓይነት ፈላጊ ማንኛውም ግልጽ ፎቶግራፍ በቂ ነው። የማሽላው ተማሪ ግን ሌላ ዓይነት ፈላጊ ነው፤ አንድ ምስል ማየት ሳይሆን ብዙ ምስሎችን ማመዛዘን ይፈልጋል። ያም ሆኖ ለሁለቱም የሚቀርበው ገጽ አንድ ዓይነት ነው።

ከገጹ አሠራር በመጀመሪያ የምንመረምረው ድንክዬ ምስሉን ነው። ድንክዬ ምስል ማለት ከዋናው ፎቶግራፍ ተቀንሶ በውጤት ገጽ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ቅጂ ነው። ብዙ ገጾች ድንክዬዎቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ እኩል እኩል ሆነው እንዲታዩ ሁሉንም ወደ ካሬ ይቆርጧቸዋል። ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2 የሆነ ፎቶግራፍ መሐሉ ተጠብቆ ወደ ካሬ ሲቆረጥ ከወርዱ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል፤ ከግራ አንድ ስድስተኛ፣ ከቀኝም አንድ ስድስተኛ ማለት ነው። የሰው ፊት ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ፊት ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ነውና። አባጨጓሬ ግን ረጅም ነው። ፎቶግራፍ አንሺው በፎቶው ሙሉ ወርድ አጋድሞ ያነሣዋል፤ ስለዚህ መቁረጫው የሚጥለው በትክክል ግንባሩንና ጅራቱን ነው። የቀረው መሐል ሆዱ በሦስቱም ትሎች ዘንድ ተመሳሳይ ነው። ለእኛ ይህ ከንድፍ ስህተቶች ሁሉ የሚያስገርመን ነው፤ ለዐይን እንዲያምር ተብሎ የተደረገ አንድ ውሳኔ መለያ ምልክቱን ከገጹ ላይ ነቅሎ ያወጣዋል።

ሳይቆርጡ መደርደር ይቻላል፤ ስሌቱም የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። የእያንዳንዱን ምስል ወርድ ለቁመቱ እናካፍልና ውጤቱን ምጥጥን እንበለው። በአንድ ረድፍ ላይ ያሉ ምስሎች ሁሉ እኩል ቁመት ኖሯቸው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር እንዲሞሉ ከተፈለገ፦

የረድፉ ቁመት = የረድፉ ስፋት ÷ የምጥጥኖች ድምር

የስልኩ ገጽ ስፋት 360 የንድፍ ፒክስል ነው እንበል። በአንድ ረድፍ ላይ ምጥጥናቸው 1.5፣ 0.75 እና 1.5 የሆኑ ሦስት ምስሎች ይቀመጡ፤ በመካከላቸውም ባለ 4 ፒክስል ሁለት ክፍተቶች ይኑሩ። ለምስሎቹ የሚቀረው ስፋት 352 ነው፤ የምጥጥኖቹ ድምር 3.75 ነው፤ ቁመቱም 94 ፒክስል ግድም ይሆናል። አግድም የተነሡት ሁለቱ 141፣ ቁም የተነሣው 70 ፒክስል ግድም ወርድ ያገኛሉ። አንድም ጅራት አልተቆረጠም።

ይሁንና አለመቆረጡ ብቻውን በቂ ነውን? ስሌቱን እንቀጥል። ያደገ ትል ርዝመቱ 35 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የፎቶግራፉን ወርድ ሁለት ሦስተኛ ቢይዝ፣ በ141 ፒክስሉ ድንክዬ ላይ 94 ፒክስል ይሆናል። አራቱ ነጠብጣቦች ያሉበት የሰውነት ክፍል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን የሚደርሰው 8 ፒክስል ነው። የስልኩ መስታወት ስፋቱ 65 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ይህ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ያህል ነው። በዚያች ፍሬ ላይ አራት ነጥብ የሚቆጥር ዐይን የለም። ምስሉን እስከ ገጹ ሙሉ ስፋት ብናሳድገው ክፍሉ 20 ፒክስል ግድም ይደርሳል፤ ነጥቦቹ መታየት የሚጀምሩት ያኔ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ድንክዬው የፎቶግራፉ ትንሽ ቅጂ መሆኑ ራሱ ስህተት እንደሆነ ነው። ድንክዬው መለያው ክፍል ቢሆን ይሻላል፤ ሙሉው ትል በትንሹ፣ ከጎኑ ደግሞ ጅራቱ ወይም ግንባሩ ጎልቶ። ምስሎቹን የሚያዘጋጀው ባለሙያ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ መለያው የት እንዳለ አንድ ጊዜ ምልክት ማድረግ ይኖርበታል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ የደከመበትን ሺህ ሰው ይጠቀምበታል።

በነገራችን ላይ አንዳንድ አንባብያን «ፎቶግራፉን ለማሽኑ ሰጥተን ስሙን ለምን አይነግረንም?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ጉግል ምስል ሰጥቶ መፈለግን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህም ቴክኖሎጂው እጅግ አድጓል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ልብ ሊባል ይገባዋል። ፕላንትቪሌጅ በተባለው፣ የ14 ሰብሎችን 54,306 የቅጠል ፎቶግራፎች በያዘው ስብስብ የሠለጠነ ሥርዓት ከዚያው ስብስብ በተወሰዱ ፎቶግራፎች ሲፈተን ከ99 በመቶ በላይ ትክክል ሆነ። በሌላ ሁኔታ በተነሡ ፎቶግራፎች ሲፈተን ግን ወደ 31 በመቶ ግድም ወረደ። ከ14ቱ ሰብሎች መካከል ማሽላም ጤፍም የሉም። ስለዚህ ማሽኑ ግምቱን ያቅርብ፤ የመጨረሻው ንጽጽር ግን ለሰው ዐይን የተመቸ ሆኖ ይቅረብ እንላለን።

ቅደም ተከተልና ማጣሪያ

በተለመደው ገጽ ምስሎቹ የሚደረደሩት በዙሪያቸው ባለው ጽሑፍ፣ በድረ ገጹ ታዋቂነትና በመሳሰሉት መለኪያዎች ነው። አንድ ስሙ ተሳስቶ የተለጠፈ ፎቶግራፍ በአሥር ድረ ገጾች ከተገለበጠ በውጤቱ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ተማሪው አሥር ምስክር ያገኘ ይመስለዋል፤ ምስክሩ ግን አንድ ነው፤ እሱም ተሳስቷል። አንድ ዓይነት ቅጂዎችን በአንድ ድንክዬ ሥር መሰብሰብ ለንድፍ ባለሙያው ግዴታ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ተመሳሳይ ምስሎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥስ ይጠቅማልን? በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ኬሪ ሮደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት ጥናት ምስሎችን በመመሳሰላቸው መደርደር ለፈላጊው እንደሚረዳ አሳይተዋል። ነገር ግን ሌላም ነገር አስተዋሉ፤ የሚመሳሰሉ ምስሎች ሲጎራበቱ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ፤ በዘፈቀደ ሲቀመጡ ግን እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ስለሚለይ ጎልቶ ይታያል። ለእኛ ጉዳይ ሁለቱንም ማጣመር የሚበጅ ይመስለናል። ሦስቱ ትሎች በሦስት ረድፍ ይከፈሉ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ውስጥ ግን ፎቶግራፎቹ በዕድሜ፣ በቀለምና በአነሣስ የተለያዩ ይሁኑ። መጤው ተምች አረንጓዴም ቡናማም ሊሆን ስለሚችል፣ ቡናማውን ብቻ ያየ ተማሪ አረንጓዴ ትል ይዞ «ይህ አይደለም» ብሎ እንዲያልፍ አንፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ የማጣሪያው ጉዳይ ይመጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ማርቲ ኸርስትና ተባባሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ሥራ በዚህ መስክ በጣም ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች የተገኙ 35,000 ያህል ምስሎችን ወስደው ለእያንዳንዱ በዘመን፣ በቦታ፣ በሥዕሉ ይዘት፣ በተሠራበት ነገርና በመሳሰሉት ዘርፎች መግለጫ ሰጡት። ተጠቃሚው ቃል መጻፍ ሳያስፈልገው አንዱን ዘርፍ ነክቶ ያጠባል፤ ሌላውን ነክቶ ደግሞ ያጠባል። ከእያንዳንዱ ምርጫ አጠገብ ስንት ምስል እንደሚገኝ በቁጥር ስለተጻፈ ባዶ ገጽ ላይ አይወድቅም። በ32 ተማሪዎች ሲፈተን አዲሱ ገጽ ከተለመደው ይልቅ እጅግ ዝግተኛ የነበረ ቢሆንም 90 በመቶው መረጡት። ዝግታ እንደሚያባርር ለምናስተምር ሰዎች ይህ ቆም ብሎ የሚያሳስብ ውጤት ነው።

ለአገራችን ምስሎች ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚስማማ ለማየት፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል ገርቨርስና ኤቫ ባሊካ ቪታኮቭስካ ያቋቋሙትን «መዝገበ ሥዕላት» የተሰኘ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ስብስብ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች አሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስን የፈለገ ሰው ፈረሱንና ዘንዶውን በብዙ ቅጂ ያገኛል፤ የሚጠቅመው ሥዕሉ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ በየትኛው ዘመን እንደተሣለ፣ በብራና ላይ ይሁን በግድግዳ ላይ ለይቶ ማጥበብ ሲችል ነው።

ለማሽላው ማጣሪያ ዘርፎቹን የሚመርጠው ሰው ግን ኮምፒዩተር አዋቂው መሆን የለበትም። ኮምፒዩተር አዋቂ ቢመርጥ የነፍሳቱን የላቲን ስም ያስቀድማል፤ ይህም ተማሪው የማያውቀውና የሚፈልገው ነገር ነው። ገበሬው የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ ጉዳቱ ከቅጠል ላይ ነው፣ ከአገዳ ውስጥ ነው ወይስ ከራሱ ላይ? ሰብሉ ስንት ቅጠል አውጥቷል? ትሉ ለብቻው ነው ወይስ በመንጋ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሥዕል ምልክት ተደግፈው ከገጹ አናት ላይ ቢቀመጡ፣ አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እናትም ሊያጠቡ ይችላሉ።

አንድ ቃል በአሥራ ሁለት መልክ

ፈላጊው በአማርኛ በሚጽፍበት ጊዜ የሚገጥመውን ችግር ለብቻው ማንሣት አስፈላጊ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ስለገባ ዛሬ በማንኛውም ስልክ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ለኮምፒዩተሩ «ሥዕል»፣ «ስዕል»፣ «ሥእል» እና «ስእል» አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን እንውሰድ፤ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ በስድስት፤ ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት ነው። «አባጨጓሬ» እንኳ ተጣብቆም ተለያይቶም ይጻፋል። ገጹ ከፍለጋው በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ ካልመለሰ፣ ትክክለኛው ፎቶግራፍ በስብስቡ ውስጥ እያለ ተማሪው «አልተገኘም» የሚል መልስ ያነባል። ሞክሼዎችን የመጠበቁ ክርክር በሰዋስው ዘንድ ተገቢ ነው፤ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ሁለት ትርጉም ያላቸው ቃላትም አሉ። «ጎቢዬ» ብሎ የፈለገ ሰው ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ያለችውን ከተማ ፈልጎ ይሆናል፤ አቀንጭራን የሚቋቋመውንና ይህንኑ ስም የያዘውን የማሽላ ዝርያ ፈልጎም ይሆናል። ገጹ የመንገድና የማሽላ ፎቶግራፎችን ከሚደባልቅ ሁለት ረድፍ ከፍቶ «ከተማዋ» እና «ዝርያው» ብሎ ቢጽፍባቸው ይሻላል። የራያ ገበሬ የሚጠራቸው እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉ የአካባቢ ዝርያ ስሞችም በመግለጫው ውስጥ መግባት አለባቸው።

መስመሩ ሲዘገይ

የመረቡ ፍጥነት በሰከንድ 100 ኪሎቢት ነው እንበል። 24 ድንክዬዎች እያንዳንዳቸው 8 ኪሎባይት ቢሆኑ ድምራቸው 192 ኪሎባይት፣ ማለትም 1,536 ኪሎቢት ነው፤ ለመምጣት ከ15 ሰከንድ በላይ ይወስዳሉ። ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ ከ1 ሰከንድ በላይ ሲሆን የተጠቃሚው የሐሳብ ፍሰት ይቋረጣል፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲሆን ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ገጹ መጀመሪያ ስድስት ድንክዬዎችን ብቻ ቢያመጣ ግን 4 ሰከንድ አይሞላም። ከሦስቱ ትሎች ሁለት ሁለት ምስል ማለት ነው፤ ለመጀመሪያ ንጽጽር ይበቃል። ድንክዬው ሲነካ ደግሞ 2 ሜጋባይቱን ዋና ፎቶግራፍ ማምጣት 160 ሰከንድ ያስጠብቃል፤ 60 ኪሎባይት የሆነ መካከለኛ ቅጂ ግን በ5 ሰከንድ ይደርሳል።

ገና ላልመጣ ምስል ቦታው አስቀድሞ በባዶ ሳጥን መያዝ አለበት። አለበለዚያ ዘግይቶ የደረሰ ምስል ሌሎቹን ወደ ታች ይገፋቸዋል፤ ተማሪውም ቆርቁሩን ሊነካ ሲል ተምቹን ይነካል። ከዚህ ጋር የሚያያዘው ማለቂያ የሌለው ገጽ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 የውጤት ገጹን ሲቀይር እስከ 1,000 ምስሎችን በአንድ ወደ ታች በሚንሸራተት ገጽ ላይ ደረደረ። ለመዝናናት የሚቃኝ ሰው ይመቸዋል። ለማመዛዘን የሚፈልግ ሰው ግን «ቅድም ያየሁት የት ሄደ?» እያለ ወደ ላይና ወደ ታች ይንከራተታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ተማሪው ያነሣው ፎቶግራፍ ከገጹ አናት ላይ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ፤ የመረጣቸው እጩዎች ደግሞ ከሥሩ በአንድ ረድፍ ይከማቹ። ያኔ ጅራት ከጅራት፣ ግንባር ከግንባር ጋር ይተያያል።

ያለ ኮምፒዩተር መፈተን

ይህን ሁሉ ለመሞከር ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሳይንስ ክበባት አሥራ ሁለት የትል ፎቶግራፎችን በወረቀት አሳትመው፣ በስልክ ገጽ መጠን በተቆረጠ ካርቶን ላይ መደርደር ይችላሉ። አንዱን ድርድር በካሬ ተቆርጦ፣ ሌላውን ሳይቆረጥ ጅራቱ ጎልቶ ያዘጋጁ። ከዚያ ሰው አስቀምጦ «ይህን ትል ከእነዚህ መካከል አግኝልኝ» ማለትና ዝም ብሎ መመልከት ነው። ስንት ሰው ይበቃል? ኒልሰንና ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ስሌት አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን የገጹን ችግር ካጋለጠ፣ አምስት ተፈታኞች 84 በመቶ ያህሉን ያጋልጣሉ፤ 0.69ን አምስት ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ ከ1 ብትቀንሱ ታገኙታላችሁ። ስሌቱ የሚሠራው አምስቱ ገጹን በእርግጥ ከሚጠቀሙበት ሰዎች መካከል ሲሆኑ ብቻ ነው። አምስት የኮምፒዩተር ተማሪዎች ካርቶኑን አይተው «ግልጽ ነው» ቢሉ ስለ ዋጃ ማሳ የሚነግሩን ነገር የለም፤ ስለዚህ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ ማሽላ የሚዘሩ ይሁኑ፤ ካርቶኑም በጥላ ሥር ሳይሆን ስልኩ በሚታይበት በፀሐይ ላይ ይያዝ።